ለ12 ዓመት ልጄ ፖኒ ልገዛ ነው፤ የ4 ዓመቱን ወይስ የ13 ዓመቷን?

የላውደኗ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፈረስ የምታውቁ ሰዎች ምክራችሁን እፈልጋለሁ። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፣ ፈረስ የማውቀው ጋሪ ሲጎትት ብቻ ነው። አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ ላውደን ካውንቲ ውስጥ ነው፤ እዚህ ደግሞ ዞር ባልኩበት ሁሉ አጥርና ፈረስ ነው። ልጄ 12 ዓመቷ ነው። 9 ዓመቷ ላይ የጓደኛዋ ልደት ላይ አንዴ ፖኒ (ቁመቱ አጠር ያለ ዝርያ ፈረስ ነው) ላይ አወጧት፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አይታያትም። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ተምራለች። ሶምሶማና ደንገላሳ ትችላለች፣ ትንንሽ መሰናክልም መዝለል ጀምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋጣ ጠርጋ፣ ውሃ ቀድታ፣ የሌላ ሰው ፈረስ ቦርሻ ነው የምትመለሰው። የድርቆሽ ሽታ ከመኪናዬ ከወጣ ቆየ ብል ውሸት ነው፣ ጨርሶ አልወጣም።

እኔና አባቷ ሁለት ዓመት ቆጥበናል። ከሚድልበርግ ወዲያ አንድ ባልና ሚስት አርቢዎች አሉ። ትልቅ እርሻ አይደለም፤ አምስት ባዝራ ናቸው ያሏቸው፣ በዓመት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ውርንጭላ ያስወልዳሉ። ሴትየዋ የእያንዳንዷን ባዝራ ስም፣ የእናቷን ስም፣ መቼ እንደወለደች በቃሏ ነው የምትናገረው። አሁን ለሽያጭ ያቀረቡት ሁለት አላቸው።

አንደኛው የ4 ዓመት ወንድ ነው፣ የተኮላሸ፣ ንጹሕ ኮኔማራ (የአየርላንድ ፖኒ ዝርያ ነው)፣ ቁመቱ በፈረስ መለኪያ 13.3 ሃንድ። ግራጫ ነው፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲሄድ ያምራል፣ አባቷ እዚያው ቀልቡን ጣለ። 8,500 ዶላር ነው የሚሉት። ሰው ሊቀመጥበት ከጀመረ ገና ስምንት ወሩ ነው።

ሁለተኛዋ የ13 ዓመት ባዝራ ናት፣ የዌልሽ (የዌልስ ፖኒ ዝርያ) ክልስ፣ ቁመቷ 13.1 ሃንድ። ዳማ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። እዚያው ነው የተወለደችው፤ የአርቢዎቹ ሴት ልጅ ተወዳድራባታለች፣ ሦስት ጊዜም ወልዳለች። 11,000 ዶላር።

ያልገባኝ ይሄ ነው፤ ለምንድነው አሮጊቷ ከወጣቱ የምትወደደው? ባለቤቴ «ወጣቱ ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ ዋጋውም ያነሰ ነው፣ ከልጅቷ ጋር አብረው ያድጋሉ» ይላል። እኔም በልቤ ልክ ነው እላለሁ፣ ግን ልጄን የምታስተምራት ሴት ስነግራት ፊቷ ጨፈገገ። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ስንገዛስ ምን ምን እንይ?

የባንጃ ልጅ

እህቴ፣ ባዝራዋን ውሰጂ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

እኔ የአዊ ልጅ ነኝ፣ ባንጃ ነው ያደግኩት። አባቴ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነበር፤ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፣ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ሲከበር አይተሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ። እኛ ጋ ፈረስ ያርሳል፣ ይጫናል፣ ለቅሶም ሠርግም ይሄዳል። እና እኛ ጋ ገና ያልበሰለ ልጅ ገና ያልበሰለ ፈረስ ላይ አይወጣም። ልጅ የሚማረው ከጎበዝ ፈረስ ነው፣ ጥሬውን ፈረስ ደግሞ የሚገራው ጎበዝ ሰው ነው። ሁለቱም ተማሪ ከሆኑ አስተማሪው ማን ሊሆን ነው? ስምንት ወር የተቀመጡበት ፈረስ ገና ፊደል እየቆጠረ ነው በይው።

ዕድሜንም ላስረዳሽ። ፈረስ የወተት ጥርሱን መጣል የሚጀምረው ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ነው፣ አፉ የሚሞላው አምስት ላይ ነው። ያ ግራጫ ገና አፉ አልሞላም። ጥርስ እየቀየረ ልጓም ሲገባበት ያመዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ልጅ ደግሞ እልኸኛ ሆነ ብላ ትጎትተዋለች፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይበላሻል። ጥፋቱ የፈረሱም የልጅቷም አይደለም። ባዝራዋ ደግሞ 13 ዓመቷ እውነት ከሆነ ከላይ ከፊት ጥርሶቿ የዳርኛውን እይው። አስር ዓመት ሲሞላ ከድዱ ሥር ቡናማ መስመር ብቅ ይላል፣ 15 ላይ ግማሽ ይደርሳል፣ 20 ላይ እስከ ጫፉ ይወርዳል። እሷ ላይ ከግማሽ በላይ ከወረደ ጠይቂ። ግምት ነው እንጂ እንደ ልደት ወረቀት አይደለም፣ ግን ትልቅ ውሸትን ያጋልጣል።

አሮጊት ማለትሽን ግን ተይው። ፖኒ ደህና ከተያዘ ሃያዎቹ ውስጥ ገብቶ ይሠራል። 13 ዓመት ልብ የገዛችበት፣ ጉልበቷም ያለበት ዕድሜ ነው። ዋጋዋ የከበደው የምታውቀው ነገር ስለሆነ ነው። ያንን ዕውቀት ለማስገባት ሰው ስንት ዓመት ደክሟል።

አባቴ ገበያ ፈረስ ሲገዛ የሚያደርገውን ልንገርሽ። ጥርሱን ካየ በኋላ ፈረሱን ጠጣር መሬት ላይ በሶምሶማ ያስነዳዋል፣ እሱ ራሱን አዘንብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ያዳምጣል። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ እኩል ከሆነ ዓይኑን ይገልጣል። አንዷ ኮቴ ቀለል ብላ ከመታች፣ ዓይን የማያየውን ጆሮ ይሰማዋል፣ ዋጋ ሳይጠይቅ ይሄዳል። አስፋልት ወይ ኮንክሪት ላይ እንዲያስሮጧት ጠይቂና አንቺም አዳምጪ።

ሌላው፣ ስትሄዱ ከቀጠሮው ትንሽ ቀደም በሉ። ታጥባ፣ ተጭና፣ ላቧ ደርቆ ከጠበቀቻችሁ አስቀድሞ አድክመዋታል ማለት ሊሆን ይችላል። ግጦሹ ላይ እያለች ልጅሽ ራሷ ሄዳ ትያዛት። እሷው ትቦርሻት፣ እሷው ሰኮናዋን ታንሳ፣ እሷው ኮርቻ ትጫን። መጀመሪያ ግን የእነሱ ሰው ይቀመጥባት፣ ሻጩ ያልተቀመጠበት ፈረስ ላይ ልጅሽን እንዳታወጪ።

የቢሾፍቱ ሐኪም

የባንጃው ወንድማችን የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ የሕክምናውን ልጨምር። የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው፣ አሁን ሜሪላንድ የፈረስ ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት እሠራለሁ። ከመግዛት በፊት የሚደረገውን ምርመራ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አያለሁ።

አንደኛ፣ ሐኪሙን የምትመርጪው አንቺ ነሽ፣ ከአርቢዎቹ ጋር የማይሠራ ሰው ይሁን። ጨዋ ሐኪም ራሱ ሻጩ ደንበኛዬ ነው ብሎ ይነግርሻል። መሠረታዊው ምርመራ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፣ የእግር ራጅ ሲጨመር በቀላሉ ከሺህ ያልፋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳል። አትሳሺ እህቴ፣ 11,000 ልታወጪ ነው።

ምን ያያሉ? ልብ፣ ሳንባ፣ ዓይን (ጨለማ ጋጣ ውስጥ በመብራት)፣ ጥርስ፣ ጀርባ። ከዚያ እያንዳንዱን እግር ለአንድ ደቂቃ ያህል አጥፈው ይይዙና ሲለቁት ወዲያው በሶምሶማ ያስሮጧታል። መገጣጠሚያው ውስጥ ችግር ካለ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ታነክሳለች። እዚያ ላይ አንቺም ቁሚና እይ፣ ምን እንዳዩ ጠይቂያቸው። በዚያው ቀን ደም ተወስዶ እንዲቀመጥ አድርጊ። ማስታገሻ ወይም ማደንዘዣ ተሰጥቷት እንደሆነ በኋላ የሚታወቀው በእሱ ነው። ሻጮቹ ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ ከሁሉም ላይ ነው የሚወሰደው።

ከ13 ዓመት ባዝራ ምንም የሌለበት ራጅ አትጠብቂ። የኋላ እግር መገጣጠሚያ ላይ ትንሽ የአጥንት ለውጥ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ጥያቄው «ንጹሕ ናት ወይ» ሳይሆን «ልጄ ልትሠራው ላሰበችው ሥራ ትበቃለች ወይ» ነው፣ ለሐኪሙ ይህንኑ በግልጽ ንገሪው፤ ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ ይህን ያህል ትመዝናለች፣ በሳምንት አራት ቀን ትቀመጣለች፣ 70 ሳንቲ ሜትር ትዘልላለች ብለሽ። ለክብደት የብዙ ሰው መለኪያ ተቀማጩና ኮርቻው ተደምረው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳያልፉ ነው፣ እዚህ ላይ ለእናንተ ችግር የለም።

የማራቢያ ባዝራ ስለሆነች አንድ ነገር አትርሺ፤ ማርገዝ አለማርገዟን በአልትራሳውንድ አሳዪ። ፈረስ 11 ወር ነው የሚያረግዘው፣ እስከ ግማሹ ድረስ ዓይን ላይገባ ይችላል። ከድንጉላ ጋር አንድ መስክ ውለው ሳይታወቅ የተሸጡ አሉ።

ስለ ኮኔማራው ደግሞ፣ በዚህ ዝርያ ውስጥ የሰኮና ግድግዳ ከዳር እየተሰነጠቀ የሚላቀቅበት በዘር የሚመጣ በሽታ አለ። የሚታመመው ከእናትም ከአባትም ሲወርሰው ነው፣ ከሥሩ ከተነቀለ ጥቂት የጋማ ፀጉር ይመረመራል። እሱ ተኮላሽቷል፣ አይወልድም፣ ስለዚህ ተሸካሚ ብቻ ቢሆን አያስጨንቅም። ግን አርቢዎቹን የወላጆቹን የምርመራ ወረቀት ጠይቂያቸው። ቶሎ ፋይል አውጥተው ካሳዩሽ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ባዝራዋን ብትወስጂም ይህ ስለ አርቢዎቹ ብዙ ይነግርሻል።

ወረቀት፦ ከ12 ወር ያላለፈው የኮጊንስ ምርመራ (ተላላፊው የፈረስ ደም ማነስ ነው)፣ ያለ እሱ ውድድር ቦታ አያስገቡም፣ ከስቴት ስቴትም አትሻገሩም። ክትባት ደግሞ ቴታነስ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ዌስት ናይል፣ የምሥራቁና የምዕራቡ የአንጎል ብግነት። እዚህ ፖቶማክ ወንዝ አጠገብ ስለሆናችሁ ስለ ፖቶማክ ትኩሳትም ሐኪሙን አማክሪ። በሽታው በ1979 በፖቶማክ ዙሪያ ታውቆ ነው ስሙን ያገኘው፤ በበጋ ከውሃ የሚወጡ ነፍሳት መብራት አይተው ጋጣ ገብተው ይሞታሉ፣ ፈረሱ ከድርቆሹ ጋር ይበላቸዋል። ማታ የጋጣ መብራት ማጥፋት ብቻውን ይረዳል።

ሚጢጢ ከሊድስ

እህቴ እኔ እንግሊዝ ነው ያለሁት፣ አንቺ ልታደርጊው ያሰብሽውን እኔ አድርጌዋለሁ። እየመረረኝ ነው የምጽፈው።

ልጄ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። ከአንድ ሻጭ ፖኒ ገዛን፣ «6 ዓመቱ ነው፣ ሕፃን ቢቀመጥበት አይሰማውም» አሉን። ያየነው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ በጣም ጸጥ ያለ ነበር። እዚህ እያንዳንዱ ፈረስ ፓስፖርት አለው፣ ማይክሮቺፕም ከ2020 ጀምሮ ግዴታ ነው፣ እኔ ግን ፓስፖርቱን ሳልገልጠው መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። ቤት በገባ በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ፈረስ ሆነ። ወፍ ከቁጥቋጦ ሲወጣ ይዘልላል፣ ከሌሎች ሲለዩት ይጮሃል፣ ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል። አንድ እሁድ ልጄ ወደቀና እጁ አንጓው ላይ ተሰበረ። ሐኪም መጥቶ ቺፑን ሲያነብ፣ ከፓስፖርቱ ጋር ሲያስተያይ፣ 4 ዓመቱ ነበር።

ፖኒው ምንም ጥፋት የለበትም። ልጅ ነበር። ብቻውን ከማያውቀው ቦታ አምጥተን ሌላ ልጅ አሸከምነው። በኋላ ፈረስ የምታሠለጥን ሴት በግማሽ ዋጋ ወሰደችው፣ አሁን በጣም ደህና ሆኗል፣ ፎቶ ትልክልኛለች። ልጄ ግን ተመልሶ ፈረስ ላይ አልወጣም። እኔን የሚቆጨኝ እጁ አይደለም፣ እጁ ድኗል። ያ ፍቅሩ ነው የሚቆጨኝ።

ቺፑ ፊትሽ ይነበብ። አንድ ቀን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሂዱ፣ አንዱን ቀን ነፋስ ያለበት አድርጉት።

ያያ

ይቅርታ ከርዕሱ ልወጣ። ይሄን ሁሉ ገንዘብ ከማውጣት ከሀገር ቤት የሰላሌ ፈረስ ማምጣት አይቻልም? እነሱም እኮ ትንንሽ ናቸው፣ ፖኒ ሊባሉ አይችሉም?

የባንጃ ልጅ

ያያ ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚህ ቁመት የሚለኩበት «ሃንድ» እኛ ጋት የምንለው ነው፣ አራት ጣት። አሁን እሱን 4 ኢንች ብለው ወስነውታል። 13.1 ማለት 13 ጋትና 1 ኢንች ነው እንጂ 13 ነጥብ 1 አይደለም፣ እህቴም ብትሆኚ ይህን እወቂው፣ ከ13.3 በኋላ 14 ነው የሚመጣው። የሚለካውም ጋማው የሚያልቅበት፣ ትከሻ ላይ ያለው ጉብታ ድረስ ነው። እስከ 14.2 ያለው ፖኒ ነው፣ ወደ 148 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ተመራማሪዎች በሀገራችን ስምንት ዓይነት ፈረስ ለይተዋል፣ ሰላሌ፣ ባሌ፣ ቦረና፣ ሆሮ፣ ከፋ፣ የኦጋዴኑ፣ አበሻ የሚሉት፣ እንዲሁም የቁንዱዶው የዱር ፈረስ። በዚህ መለኪያ ብዙዎቹ ፖኒ ናቸው። ያ ሁሉ ጀግና በፖኒ ነው የዘመተው ማለት ነው፣ ለእኔ ይህ ክብራቸውን ይጨምረዋል።

የቢሾፍቱ ሐኪም

ማምጣቱ ግን ከባድ ነው። ሀገራችን የአፍሪካ ፈረስ በሽታ አለ። ከፈረስ ወደ ፈረስ በንክኪ አይተላለፍም፣ በዓይን እምብዛም የማትታይ ትንሽ ተናካሽ ዝንብ ናት የምታዛምተው፣ በሽታውን የማያውቅ ፈረስ ዘንድ ከገባ አብዛኛውን ይጨርሳል። ስለዚህ አሜሪካ በሽታው ካለበት አገር የመጣን ፈረስ ነፍሳት በማይገባበት ቦታ 60 ቀን ታቆየዋለች። የአውሮፕላኑና የ60 ቀኑ ወጪ የፈረሱን ዋጋ ብዙ እጥፍ ያልፈዋል። የሰላሌውን እዚያው ሄደን እንጋልበው።

ጋጣ ጠራጊው

እኔ ስድስት ዓመት ጋጣ ውስጥ ነው የሠራሁት። ስለ ወጪ ማንም አላነሳም።

የመግዣው ዋጋ ትንሹ ነው እህታለም። ዋናው የወር ወጪ ነው። ማደሪያና መኖ እዚያ አካባቢ ሁሉን ያጠቃለለ ከሆነ ከቤት ኪራይ የሚስተካከል አለ፣ ስለዚህ ፖኒውን ሳታዪ መጀመሪያ ማደሪያውን ተደራደሪ። ሰኮና ቆራጭ በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይመጣል፣ ጫማ ካላት ዋጋው ሌላ ነው። ጥርስ ማስሞረድ ቢያንስ በዓመት አንዴ። የትል መድኃኒት። ኮርቻ ደግሞ ለልጅቷ ብቻ ሳይሆን ለባዝራዋ ጀርባ ልክ መሆን አለበት፣ አርቢዎቹን የራሷን ኮርቻ አብረው ይሸጡ እንደሆነ ጠይቂ፣ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ። ለድንገተኛ ሕክምናም የሚቀመጥ ገንዘብ ይኑራችሁ። የሆድ ቁርጠት ቀጠሮ ይዞ አይመጣም፣ እኔ ያየሁት ሁሉ ሌሊትና በዓል ቀን ነው።

ፖኒ ደግሞ ከትልቅ ፈረስ ይልቅ በትንሽ መኖ ይወፍራል። የጸደይ ለምለም ሣር መርዙ ነው። ሰኮናው ውስጥ ይቆጣና መርገጥ ያቅተዋል፣ ከባሰ አጥንቱ ይዞራል። ጋማዋ ሥር አንገቷን በእጅሽ ያዢው፣ ጠንካራ የስብ ግድግዳ ከሆነ ጠይቂ፣ ከዚህ በፊት ታማ ታውቃለች ወይ በይ። ሰኮናዋ ላይ ያሉትን የዙሪያ መስመሮችም እያቸው፣ ተረከዙ ጋ ሰፍተው ጣቱ ጋ ከጠበቡ ቆየት ያለ ሕመም ነው። እዚህ ላይ ሻጭ ዝም ቢልም ሰኮና ይናገራል።

ከትንሽ አርቢ መግዛት ጥሩ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ አንድ እጅ ላይ ናት። የት ታመመች፣ ምን ትፈራለች፣ ማን ወደቀባት፣ ሁሉንም ያውቃሉ። ነጋዴ ጋ ሦስት ሳምንት የቆየ ፈረስ ታሪኩን ማንም አያውቀውም። ስለዚህ ጥያቄሽን «ደህና ናት?» አትበይው። «ትናንት ምን ሠራች? ባለፈው ዓመት ሐኪም ለምን ጠራችሁ? ምን ስታደርግ ያናድዳችኋል?» በይ። ለመጨረሻው መልስ የሌለው ሻጭ ፈረሱን አያውቀውም ወይም እየደበቀሽ ነው። ሊዝም ጠይቂ፣ ሁለት ሦስት ወር እየከፈላችሁ ሞክራችሁ ከዚያ ለመግዛት። ውሉ ላይ አንድ ነገር አስገቢ፤ ልጅሽ አድጋ ስትሸጧት መጀመሪያ ለእነሱ እንድታሳውቁ። ራሳቸው ይህን ከጠየቁሽ ደስ ይበልሽ።

የላውደኗ እናት

ውድ ወገኖቼ፣ ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የነገራችሁኝን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ይዤ ነው የሄድኩት።

ሦስት ጊዜ ሄድን። ሁለተኛው ቀን ነፋስ ነበር፣ ሚጢጢ ባለችው መሠረት ሆን ብለን ነው ያን ቀን የመረጥነው። ግራጫው ላይ የአርቢዎቹ ልጅ ተቀመጠችበት። አጥሩ ላይ የታሰረ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ሸሸ፤ እሷ ስለምትችል ሳቅ ብላ አረጋጋችው። ባለቤቴ ዞር ብሎ አየኝ፣ ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ስለ ግራጫው አላነሳም።

ባዝራዋን ልጄ ራሷ ከግጦሽ ልታመጣት ሄደች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነው የማየው። ባዝራዋ ቀና ብላ አየቻት፣ ሣሯን እያኘከች ጠበቀቻት፣ ስትደርስ ራሷን ዝቅ አድርጋ ማሰሪያውን እንድታስገባላት ሰጠቻት። ላስቲኩ አጠገብ ስትደርስ አንድ ጆሮዋን ብቻ አዞረች። ልጄ መሰናክል ላይ ሚዛኗን ስታጣ ባዝራዋ እርምጃዋን ቀነሰችላት፣ አስተማሪዋ «አየሽ?» ስትለኝ ነው እኔ የገባኝ። ኮንክሪቱ ላይ ሲያስሮጧት ዓይኔን ጨፈንኩ። የባንጃው ወንድሜ፣ እኩል ነው የመታው።

«ምን ያናድዳችኋል?» ብዬ ጠየቅኩ። ሴትየዋ ሳታቅማማ «ተጎታች ላይ ለመውጣት አስር ደቂቃ ታስለምናለች፣ መርፌም አትወድም» አለች። ሐኪሙ ክትባት ሊሰጣት ሲል አየነው፣ እውነትም አትወድም። የግራጫውን ወላጆች ወረቀት ስጠይቅ ከኩሽና ፋይል ይዛ መጣች።

ምርመራው ላይ ግራ የኋላ እግሯ ሲታጠፍ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት እርምጃ ትንሽ ያዝ አደረጋት። ራጁ ላይ ታችኛው መገጣጠሚያ ውስጥ ቀላል ለውጥ አለ። ሐኪሙ ልጄ ለምታስበው ሥራ ትበቃለች፣ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ግን አታስዘልሏት፣ ሁልጊዜ በደንብ አሙቃ ትጀምር አለ። አላረገዘችም። ውጤቱን ለአርቢዎቹ አሳየናቸው፣ ወደ 9,500 ወረዱልን፣ ኮርቻዋንም ሰጡን። መጀመሪያ የሁለት ወር ሊዝ ነው የፈረምነው፣ ከዚያ ግዥ። ስንሸጥ መጀመሪያ ለእነሱ የሚለውን ውሉ ላይ እነሱ ናቸው ያስገቡት።

ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምን እናድርግ? ልጄ ዕለቱን ልትቀመጥባት ነው የምትለው።

የቢሾፍቱ ሐኪም

እንኳን ደስ አላችሁ! ዕለቱን አትቀመጥባት። ሁለት ሦስት ቀን ይዛት ትዙር፣ ትቦርሻት፣ ቦታውን ትልመድ። ከአርቢዎቹ የምትበላውን ድርቆሽ ጥቂት እስር ግዙና አምጡ። አዲሱን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየቀላቀላችሁ፣ ከሳምንት እስከ አስር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቀይሩላት፣ የአንጀቷ ነገር ድንገተኛ ለውጥ አይወድም። ከሌሎቹ ፈረሶች ጋር መጀመሪያ በአጥር ተለይተው ይተያዩ። የውሃ ባልዲዋን በየሰዓቱ እዩት፣ በመንገድ የደከመ ፈረስ አንዳንዴ የማያውቀውን ውሃ አይጠጣም። ማታ ስትለዩዋት ፋንድያ ጥላ እንደሆነ አረጋግጡ፣ ካልጣለች ደውሉ።

የባንጃ ልጅ

ተጎታቹ ጋ ደግሞ ቀድማችሁ ድረሱ። አስር ደቂቃዋን ስጧት።